ሳይነኩት ይጽፋል፣ ሳታጠፋ ትቀጣለች

ድሮ በእኛ በጎንደር ሰው ሳይነካው የሚንኳኳ፣ ሰው ሳይከፍተው የሚከፈት ዕቃ ቤት ውስጥ ከተገኘ የሚጠራው ደብተራ ነበር። ዛሬ የሚጠራው ተቆጣጣሪ ነው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ደብተራው ይሻል ነበር። ደብተራው ሲመጣ ቢያንስ ጋኔኑን ይከሳል እንጂ የቤቱን እመቤት አይከስም። የዛሬው ተቆጣጣሪ ግን ዕቃው ብቻውን ሲጽፍ ቢያይ እንኳ ጣቱን የሚቀስረው ዕቃውን በያዘችው ልጅ ላይ ነው።

የማወራው ስለ ታብሌት ነው። ያ የመስታወት ሰሌዳ የሚመስለው፣ በጣት እየነካን የምንጽፍበት መሣሪያ ማለቴ ነው። ይህ መሣሪያ አንዳንዴ ጣት ሳያርፍበት ራሱን በራሱ ይነካካል። 3 ብትሉት 333 ብሎ ቁጭ ይላል። «አዎ» ያላችሁትን «አይደለም» ያደርገዋል። ገጹን ይገለብጣል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ሳትጨርሱ «ጨርሻለሁ» ብሎ ይልካል። የሞባይል ጠጋኞች «ተቹ አብዷል» ይሉታል። በግል ስልክ ላይ ሲሆን ነገሩ ያስቃል። በእኩለ ሌሊት ስልኩ ብቻውን ለአለቃው ስለደወለበት ሰው ሰምታችሁ ይሆናል። የገጠር ሰው ዕድሜ፣ የነፍሰ ጡር ወር፣ የሕፃን ክትባት የሚመዘገብበት ታብሌት ሲያብድ ግን ምንም የሚያስቅ ነገር የለውም።

ለምን ቢባል፣ ዛሬ አገራችን ስለ ገጠሩ ሰው የምታውቀውን የምታውቀው እየበዛ በመጣ መጠን በዚህ መስታወት በኩል ስለሆነ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 16,650 ቤተሰቦችን ያነጋገረው ታብሌት በያዙ ጠያቂዎች ነው። በአማራ ክልል የትራኮማ ዳሰሳ በታብሌት መሠራት ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ጤና ሚኒስቴርም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በወረቀት የቤተሰብ ማኅደር ይመዘግቡት የነበረውን ወደ ታብሌት ማዛወር ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል። ለአራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ደግሞ 180 ሺህ ያህል ታብሌት ተገዝቶ ነበር፤ ቆጠራው በ2010ም በ2011ም እየተራዘመ ቀረ እንጂ። እንግዲህ የመስታወቱ ጤና የሁላችንም ጉዳይ ነው ማለት ነው።

የማውቃትን አንዲት ልጅ ላንሣ። ስሟን አልጠራም፤ የቀጠራትን ድርጅትም አልጠራም። የዩኒቨርሲቲም የመንግሥትም ጥናት እንዳልነበረ ብቻ ያዙልኝ። ዲግሪዋን ይዛ ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጋ ያጣች ልጅ ናት። በመጨረሻ ለሦስት ሳምንት ጥናት መረጃ ሰብሳቢ ሆና በቀን አበል ተቀጠረች። የተመደበችው ከደባርቅ ወዲያ ባሉ ቀበሌዎች ነው። ወሩ መስከረም ነው፤ ክረምቱ ወጣ አልወጣ እያለ የሚያስቸግርበት ጊዜ። ደባርቅ ራሷ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከዚያ ወዲያ ያለውን ደጋ ለሚያውቅ ሰው «ብርድ» የሚለው ቃል አይበቃውም። ልጅቷ ጭጋጉን ሰንጥቃ፣ ጭቃውን ረግጣ፣ የመንደሩን ውሻ በድንጋይ እያስፈራራች አንዲት አሮጊት ቤት ትደርሳለች። ምድጃ ዳር ያስቀምጧታል። ታብሌቷን ታወጣለች።

«እናቴ፣ ስንት ልጅ ወለዱ?»

«ሰባት። ሁለቱን አፈር በላቸው።»

ልጅቷ 7 ስትል መሣሪያው 77 ይላል። ታጠፋዋለች። ስለ ሁለቱ ሟቾች ልትጽፍ ስትል ጥያቄውን ዘሎ ሌላ ገጽ ላይ ያርፋል። ትመልሰዋለች። እንደገና ይዘላል። አሮጊቷ ሲያዩ ቆይተው «ምነው ልጄ፣ ዕቃሽ ደነበረ?» አሏት። በቅሎ የሚያውቅ ሰው አነጋገር ነው። በቅሎ ሲደነብር ጥፋቱ የተቀማጩ ነው ብሎ የሚደመድም የደጋ ሰው የለም፤ መጀመሪያ ኮርቻው ምን ወጋው ብሎ ያያል።

ማታ ልጅቷ ለተቆጣጣሪዋ ደወለች። «መሣሪያው ራሱ እየጻፈ ነው፤ ቀይሩልኝ» አለች። «ትርፍ የለንም፤ እያጠፋሽ ቀጥይ» ተባለች። ቀጠለች። በሦስተኛው ሳምንት ቢሮ ተጠራች። «ይህ ቃለ መጠይቅ 40 ደቂቃ መፍጀት ሲገባው በ11 ደቂቃ አልቋል። እዚህኛው ላይ ደግሞ የ14 ዓመት ልጅ የስድስት ልጆች እናት ናት። ቤት ተቀምጠሽ ሞልተሽዋል» አሏት። የመጨረሻው ሳምንት አበሏ ተቆረጠ። ሌላ ጊዜ እንዳትቀጠርም ስሟ ተያዘ።

ንብረቱን ከማስረከቧ በፊት «ጋሼ፣ አንድ ጊዜ አብረኸኝ ና፤ ምስክር ትሆነኛለህ» አለችኝና ፒያሳ ወዳለ አንድ የሞባይል ጠጋኝ ሄድን። ጠጋኙ ልጅ ታብሌቱን ገና እንደተቀበለ ጀርባውን በአውራ ጣቱ ዳበሰና «ባትሪው አብጧል፤ ስክሪኑን ከሥር እየገፋው ነው» አለ። ከዚያም ባዶ የማስታወሻ ገጽ ከፍቶ ባንኮው ላይ አስቀመጠው። ሦስታችንም እጃችንን ሰብስበን ቆምን። መሣሪያው ሥራውን ቀጠለ። ጨጨጨ አለ፤ 000 አለ፤ ቆም አለና ደግሞ ለለለ አለ። «በቃ ክፈትና አስተካክለው» አለችው። «የንብረት ቁጥር ተለጥፎበታል እኮ እህቴ። እኔ ብከፍተው ነገ የሚጠይቁት አንቺኑ ነው» አላት። እውነቱን ነው።

ያየነውን ሄደን ለቢሮው ነገርን። መልሱ ሁለት ቃል ነበር፦ «ሲስተሙ ያሳያል።»

እዚህ ላይ ቆም እንበል። «ሲስተም» የሚባለውን ነገር እኛ ኢትዮጵያውያን በደንብ እናውቀዋለን። ገንዘብ ልታወጡ ባንክ ትሄዳላችሁ፤ «ሲስተም የለም» ትባላላችሁ። መብራት ልትከፍሉ ትሰለፋላችሁ፤ «ሲስተም ተቋርጧል» ትባላላችሁ። ማስረጃ ልታወጡ ትሄዳላችሁ፤ «ሲስተም ደክሟል፣ ከሰዓት ተመለሱ» ትባላላችሁ። ሲስተም ይቀራል፣ ይደክማል፣ ይተኛል። ይህ ሁሉ ተፈቅዶለታል። ያልተፈቀደለት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መሳሳት። ሲስተም ታመመ ሲባል የሚያምን ቢሮ ሲስተም ዋሸ ሲባል ጆሮውን ይደፍናል። በሽተኛ መሆኑን አምነን ስንናገርለት የኖርነው መሣሪያ በድሃ ላይ ሲመሰክር ድንገት ጤነኛ የሚሆነው በየትኛው ጠበል ነው?

ለመሆኑ መስታወቱ ለምን ያብዳል? ጋኔን አይደለም፤ የታወቀ ምክንያት አለው። ከመስታወቱ ሥር ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ፣ ዓይን የማያየው ስስ መረብ ተዘርግቷል። የሰው ገላ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ጣታችን ሲጠጋ እዚያ ቦታ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ክምችት በጥቂቱ ይለወጣል። መሣሪያው ያንን ለውጥ ይለካና «እዚህ ጋ ተነካሁ» ይላል። ልብ በሉ፤ ጣትን አያውቅም። የሚያውቀው ለውጡን ነው። ስለዚህ ለውጡን ያመጣ ሁሉ ለእሱ ጣት ነው። የዝናብ ጠብታ ጣት ነው። ከውጭ ብርድ ወደ ሞቀ ጎጆ ሲገባ መስታወቱ ላይ የሚቋጠረው ጤዛ ጣት ነው። ርካሽ ቻርጀር የሚለቀው የኤሌክትሪክ ረብሻ ጣት ነው። የተሰነጠቀ ጠርዝ፣ በደንብ ያልተለጠፈ የስክሪን መከላከያ፣ የላላ የውስጥ ገመድ፣ ከሥር የሚገፋ ያበጠ ባትሪ፣ ሁሉም ጣት ናቸው።

ይህ የርካሽ ዕቃ በሽታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አፕል የሚያህል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2018 የአንዳንድ አይፎን ኤክስ ስልኮች ስክሪን ሳይነካ ሊሠራ እንደሚችል በይፋ አምኖ በነጻ እቀይራለሁ ብሏል። በዓለም ላይ ካሉት ውድ ስልኮች አንዱን የሠራው ኩባንያ «የእኔ ዕቃ ብቻውን ሊነካካ ይችላል» ብሎ ሲያምን፣ እኛ ዘንድ በጨረታ በትንሹ ዋጋ የተገዛ ታብሌት ይዞ «መሣሪያችን አይሳሳትም» የሚል አለቃ ይገኛል። አይ ድፍረት!

አሁን የሰሜን ጎንደርን ደጋ በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱ። ዳባት፣ ደባርቅ፣ ጃናሞራ፣ በየዳ። ጭጋግ አለ፣ ዝናብ አለ፣ ውርጭ አለ። መብራት ያልገባባቸው ቀበሌዎች አሉ። ታብሌቱ የሚሞላው ከተማ ሲገቡ በተገኘው ሶኬት፣ ገጠር ሲወጡ በፓወር ባንክ ወይም በአንድ ደግ ሰው ሶላር ነው። ቻርጀሩ ከጠፋ የሚተካው ከጉሊት በተገዛ ነው። በጀርባ ቦርሳ ውስጥ ከዳቦና ከውኃ ኮዳ ጋር እየተጋጨ በእግር ሦስት ሰዓት፣ አራት ሰዓት ይጓዛል። መስታወቱን የሚያሳብደው ነገር ሁሉ አንድ ላይ የተሰበሰበበት አገር ቢፈለግ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። እና ይህንን አገር የሚያውቅ ሰው ታብሌቱን ሲገዛ ምን ማሰብ ነበረበት? ትርፍ መሣሪያ። ደህና ቻርጀር። ውኃ የማያስገባ ማቀፊያ። የሚጠግን ሰው። የወረቀት መጠባበቂያ። የግዢ ኮሚቴ ግን በጀቱን ሁሉ መስታወቱ ላይ ያፈሰዋል፤ ለርክክብ ፎቶ የሚያምረው መስታወቱ ነዋ። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!

ገደሉ ሲመጣ የሚወድቅበት ግን ኮሚቴው አይደለም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው ነው። ገዢውን መጠየቅ ያስፈራል፤ ፊርማ አለው፣ ማኅተም አለው፣ ወንበር አለው። አቅራቢውን መጠየቅ ያስፈራል፤ ደረሰኝ አለው፣ ጠበቃ አለው። ታብሌቱን መጠርጠር ያስፈራል፤ «በዘመናዊ ቴክኖሎጂ የታገዘ» ተብሎ ሪፖርት ተጽፎለታል። የማታስፈራው የቀን አበልተኛዋ ልጅ ብቻ ናት። ስለዚህ ዱላው እሷ ላይ ያርፋል። በመላው አገሪቱ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን በትከሻቸው የተሸከሙት በአብዛኛው ሴቶች መሆናቸውን አስቡ። መስታወቱ ባበደ ቁጥር ማን ሊጠየቅ እንደተዘጋጀ ከዚያ መገመት አያቅትም።

«እሺ፤ ቤት ተቀምጠው የሚሞሉ የሉም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ሞልተዋል! አንድም ጎጆ ሳይረግጡ፣ ቡና እየጠጡ የሃያ ቤተሰብ መልስ የሚፈጥሩ አሉ። ይህን የካደ ዋሽቷል። ቃለ መጠይቁ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ መሣሪያው የሚመዘግበውም እነሱን ለመያዝ ነው፤ ጥሩ ዘዴም ነው። ነገር ግን ያ ሰዓት የሚያሳየው ገጹ መቼ እንደተገለበጠ ነው እንጂ ማን እንደገለበጠው አይደለም። ሰነፍ ጠያቂም ገጹን ቶሎ ይገለብጣል፤ ያበደ መስታወትም ገጹን ቶሎ ይገለብጣል። ሁለቱን የሚለየው አንድ ነገር ነው፦ ሄዶ መጠየቅ። ወደ አሮጊቷ ቤት ተመልሶ «እናቴ፣ ባለፈው ሳምንት ታብሌት የያዘች ልጅ መጥታ ነበር ወይ?» ማለት። በዚህ ጉዳይ ከቢሮው ወደ ደጋው የወጣ አንድ ሰው የለም። ፍርዱ ያለቀው ወንበር ላይ ነው። «ቤት ተቀምጠሽ ሞልተሽዋል» ብለው የከሰሱዋት ሰዎች ክሱን የሞሉት ቢሮ ተቀምጠው ነው።

ተመልሶ መሄድ ደግሞ ለእኛ አካባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተው የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1988 ዓ.ም. ዳባት ላይ የምርምር ጣቢያ ተክሎ የአካባቢውን ሰው ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ሲከታተል ኖሯል። የዚህ ዓይነቱ ሥራ ምስጢሩ መሣሪያው አይደለም፤ ምስጢሩ ያንኑ ቤት ደጋግሞ ማንኳኳት ነው። ዛሬ የተሳሳተ በሚቀጥለው ጉብኝት ይታረማል። ቁጥር እውነት የሚሆነው በአንድ ጊዜ መነካት አይደለም፤ በመመላለስ ነው።

ሌላም መከራከሪያ አውቃለሁ። «ታዲያ ወደ ወረቀት እንመለስ?» የሚል። እኔ አላልኩም። ወረቀትን አይጥ ይበላዋል፤ ዝናብ ያበሰብሰዋል፤ ሳጥን ውስጥ ዓመት ይከርማል። ታብሌት በሠዓቱ መረጃ ያደርሳል፤ የተዘለለ ጥያቄ ያስታውሳል፤ ይህን ማንም አይክደውም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ሲዘጋ እንዳየነው እሱም በሌላ ሰው እጅ ላይ የተንጠለጠለ ነው እንጂ። ወረቀትም ጻድቅ አልነበረም። በ1999 ዓ.ም. በወረቀት የተካሄደው ቆጠራ ውጤት በ2001 ዓ.ም. ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲቀርብ የአማራ ክልል ሕዝብ ከተገመተው በ2.4 ሚሊዮን ገደማ አንሶ ተገኘ። ያ ቁጥር እስከ ዛሬ ድረስ ያነታርካል። ከዚያ የተማርነው ነገር ካለ ይኸው ነው፦ ቁጥር ሲያነጋግር ሕዝብ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምንጩ ድረስ ተመልሰን ማየት እንችላለን ወይ?» ብሎ ነው። በታብሌት ዘመን ይህ ጥያቄ ይብስ እንደሆነ እንጂ አይቀንስም።

ለምን መሰላችሁ? ወረቀት ሲሳሳት ያሳፍራል። ስርዝ አለ፣ ድልዝ አለ፣ የእጅ ጽሑፉ ይንቀጠቀጣል። ጎንደር የቁም ጸሐፊዎች አገር ናት፤ ይህን ማወቅ አለብን። ብራና ላይ የሚጽፈው ሰው ሲሳሳት በቢላ ፍቆ በላዩ ይጽፍበታል፤ የዘለለው ቃል ካለ ምልክት አድርጎ ከኅዳጉ ላይ ያሰፍረዋል። ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ያንን መጽሐፍ የሚከፍት ሰው «እዚህ ጋ ስሕተት ነበረ፣ እዚህ ጋ ታረመ» ብሎ ያነብባል። መስታወቱ ግን ፍቅፋቂ የለውም። ልጅቷ አስባ የጻፈችው 7 እና ጤዛ የጻፈው 7 አንድ ዓይነት ናቸው፤ እኩል ያምራሉ፣ እኩል ንጹሕ ናቸው። ስሕተቱ እውነቱን ተመስሎ፣ ክራቫት አስሮ ሪፖርት ውስጥ ይገባል። ይህ ነው የሚያስፈራኝ።

መሣሪያን ከሰው ቃል ማስቀደም የት እንደሚያደርስ ደግሞ እንግሊዞች በራሳቸው ላይ አይተውታል። የእንግሊዝ ፖስታ ቤት እ.ኤ.አ. በ1999 ሆራይዘን የሚባል የሒሳብ ሲስተም በየቅርንጫፉ ማስገባት ጀመረ። ሠሪው ዛሬ ፉጂትሱ የሚባለው ኩባንያ ነው። ሲስተሙ በሌለ ጉድለት ገንዘብ ጎደለ ይል ጀመር። የየቅርንጫፉ ኃላፊዎች «እኛ አልወሰድንም፤ መሣሪያው ነው» ቢሉ የሚሰማቸው ጠፋ። ብዙዎቹ «ይህ ችግር የደረሰብህ አንተ ብቻ ነህ» ይባሉ ነበር። እስከ 2015 ድረስ ከ900 በላይ ሰዎች በሌብነትና ሒሳብ በማጭበርበር ተፈረደባቸው። ወኅኒ የወረዱ አሉ፤ ቤታቸውን የሸጡ አሉ፤ ራሳቸውን ያጠፉም አሉ። በዲሴምበር 2019 የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሲስተሙ በእርግጥ ስሕተት እንደነበረበት በየነ። በ2024 ደግሞ ፓርላማው ፍርዶቹን በጅምላ የሚሰርዝ ሕግ አወጣ። ሃያ አምስት ዓመት! ያውም ጠበቃ፣ ጋዜጣና ነጻ ፍርድ ቤት ባለበት አገር። የሰሜን ጎንደሯ አበልተኛ ጠበቃዋ ማነው? የፒያሳው ሞባይል ጠጋኝ?

የእንግሊዞቹ ጥፋት ከመሣሪያው መሳሳት አልጀመረም። መሣሪያ ይሳሳታል። ጥፋታቸው የጀመረው የመሣሪያውንና የሰውን ቃል ሚዛን ላይ አስቀምጠው፣ ሳይመረምሩ ለመሣሪያው በፈረዱ ቀን ነው። በእኛም ዘንድ ያቺን ቀን እያለማመድን ነው። ዛሬ የአንዲት ልጅ አበል ነው። ነገ የተማሪ ፈተና ነው፤ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በከፊል በኦንላይን መሰጠት ጀምሯል። ሰው ያልነካው መልስ በሰው ስም ቢቆጠር ማን ያርመዋል? ከነገ ወዲያ የመሬት ይዞታ ነው፣ የእርዳታ እህል ነው፣ የመድኃኒት ኮታ ነው። ክትባት የጠፋባት ቀበሌ መዝገቧ ላይ «ተከትባለች» ተብሎ ከተገኘ ክትባቱን የሚልክላት የለም።

እኔ የምጠይቀው ሰማይን አይደለም። አንደኛ፣ መሣሪያው ሰውን ከመክሰሱ በፊት እሱ ራሱ ይመርመር። ምርመራው ላቦራቶሪ አይፈልግም። ባዶ ገጽ ከፍቶ፣ ማንም ሳይነካው አሥር ደቂቃ ማስቀመጥ ነው፤ አንዴ ከቻርጀር ጋር፣ አንዴ ያለ ቻርጀር። በአንድሮይድ መሣሪያ ላይ ደግሞ ለሠሪዎች የተዘጋጀ ማስተካከያ አለ፤ ሲከፈት ስክሪኑ የት የት ጋ «ተነካሁ» እንደሚል በመስመር ያሳያል። ሁለተኛ፣ «መሣሪያው ብቻውን ጻፈ» ብላ የደወለች ሠራተኛ ቀኑና ሰዓቱ ተጽፎ ይመዝገብላት። ያ ማስታወሻ ነገ ምስክሯ ነው። ሦስተኛ፣ ከአሥር መሣሪያ ጋር ቢያንስ አንድ ትርፍ ይገዛ፤ በቦርሳዋም ውስጥ አንድ ደብተርና እርሳስ ይኑር። መስታወቱ ሲያብድ ቻርጀሩን መንቀል፣ መስታወቱን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ፣ መከላከያውን መላጥ፣ አጥፍቶ ማብራት ይሞከራል። አልሆን ሲል ወረቀት ላይ መጻፍ ወንጀል አይሁን። አራተኛ፣ በመሣሪያው ላይ የታረመ ቁጥር የታረመበት ምልክት ከነታራሚው ስም ይቀመጥ፤ ቁም ጸሐፊዎቻችን በቢላና በቀለም ያደረጉትን መሐንዲሶቻችን በሶፍትዌር አያቅታቸውም። አምስተኛ፣ ደጋው ሳይረገጥ ቅጣት አይቆረጥ። ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህ አይቅር።

ይህ ሁሉ ስንት ያስወጣል? ከአንድ የስልጠና መክፈቻ ሻይ ቡና ያነሰ። የማያስወጣው ደግሞ ይበልጣል፦ «ልጄ፣ ምን ገጠመሽ?» ብሎ መጠየቅ በነጻ ነው።

ልጅቷ አሁን ሌላ ሥራ እየፈለገች ነው። የሰበሰበቻቸው ቃለ መጠይቆች «አይታመኑም» ተብለው ከጥናቱ ወጥተዋል። ሰባት ወልደው ሁለቱን አፈር የበላባቸው እናት በዚያ ሪፖርት ውስጥ የሉም፤ ልጆቻቸውም የሉም፤ ዳግመኛ የጠየቃቸውም የለም። ታብሌቱስ? ታብሌቱ በርክክብ ፎርም ላይ «ደህና ነው» ተብሎ ገባ። በጨርቅ ተጠርጎ፣ የነበረበት መረጃ ተደምስሶ፣ ለሚቀጥለው ጥናት ለሌላ ልጅ ተሰጥቷል።